ወንዶች ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ ማወቅ ያለብን ምንድን ነው? ጥያቄዬና የተሰጡኝ 15 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ዕድሜዬ 52 ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን ላለፉት 14 ዓመታት በከባድ መኪና ሾፌርነት ስሠራ ቆይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ክብደቴ 121 ኪሎ፣ የወገቤ ዙሪያ ደግሞ 124 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ማንኮራፋቴ ከግድግዳ ማዶ ይሰማ ስለነበር ባለቤቴ ግድ ብላ የእንቅልፍ ምርመራ እንዳደርግ አደረገችኝ፤ በምርመራውም ተኝቼ ሳለ ትንፋሼ በሰዓት 34 ጊዜ እንደሚቋረጥ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ሐኪሜ ባዘዘልኝ መሠረት ዜፕባውንድ የተባለውን መርፌ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆዴ ላይ መውጋት ጀመርኩ። አሁን ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ፤ 23 ኪሎም ቀንሻለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ቀነስኩት ኪሎ ለማውራት አይደለም። በአምስተኛው ወር፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ አንድ መጋዘን ግቢ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ተሳቢውን ፈትቼ ለማቆም የእግሩን ማውረጃ እጀታ ያዝኩ። ያንን እጀታ ለዓመታት በአንድ እጄ ሳሽከረክረው ኖሬአለሁ። የዚያን ዕለት ግን ገና ጥቂት ዙር እንዳዞርኩት ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሁለት እጄ ይዤ፣ ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የተሳቢው እግር መሬት የነካው። ሚዛኑ ሲሰጠኝ የከረመውን ደስታ ያን ጠዋት ተጠራጠርኩት። ከሰውነቴ የጎደለው ስብ ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። አንድ ቅዳሜ ምሽት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ክትፎ አዝዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ ሁለታችንም ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሰን እጃችንን ሰበሰብን። እኔ ጨጓራዬን አመመኝ አልኩት፤ እሱም የእሱም እንደዚያው እንደሆነ ነገረኝ። ከሁለት ወር በኋላ የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ነው እሱም መርፌ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት። ክብደት ቶሎ ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ እንደሚጨምር እኔ ከሐኪሜ ሰምቼ ነበር፤ እሱ ግን ከቀኝ ጎድኑ ሥር የሚወጋውን ሕመም ጨጓራ ነው ብሎ ለሳምንታት የቃር መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። በዚያ ምሽት እውነቱን ብነግረው ኖሮ እሱም ይነግረኝ እንደነበር አልጠራጠርም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድ ወንድ ይህን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና እየወሰደም ሳለ ምን ማወቅ አለበት? የእኔ አቋም ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጉዳት ይልቅ መደበቃችን የሚያመጣብን ጉዳት ይበልጣል።

መልሶቹ

በሦስት ሳምንት ውስጥ 15 ሰዎች መልስ ሰጥተውኛል። ብዙዎቹ የግል ሕይወታቸውን ስላካፈሉኝ ቃላቸውን ሳልጠቅስ ፍሬ ነገሩን ብቻ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ቁጥር 1 በሲያትል የሚኖሩ አባት ናቸው። በቅድሚያ መረቁኝ፤ ቀጥሎም ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ድካም (ሃርት አታክ) አግኝቷቸው የልብ ደም ሥራቸው እንደተከፈተላቸውና ሐኪማቸው ዌጎቪ የተባለውን ሌላ የክብደት መቀነሻ መርፌ ያዘዘላቸው ለመልክ ሳይሆን ለልባቸው እንደሆነ አስረዱኝ። የተናገሩት ከተጻፈው ማስረጃ ጋር ይስማማል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ ነገር ግን ስኳር የሌለባቸው 17,604 ሰዎች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2023 በታተመው ጥናት፣ በዌጎቪ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ በልብ ሕመም የመሞትን፣ የልብ ድካምንና የስትሮክን አደጋ በድምሩ በ20 በመቶ ቀንሷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በመጋቢት 2024 መድኃኒቱ ለዚህ ዓላማ እንዲታዘዝ ፈቅዷል። በዚህ ጥናት ከተሳተፉት መካከል ሰባ በመቶ የሚበልጡት ወንዶች ስለነበሩ፣ ማስረጃው በቀጥታ ለእኛ የሚናገር መሆኑን አባታችን ማሳሰባቸው ተገቢ ነው።

ቁጥር 2 በሚኒሶታ የምትሠራ ነርስ ነች። በክብደት ቅነሳ ጥናቶች ግን ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን በትሕትና አረመችን። ሴማግሉታይድ በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ፣ በእኔው ዜፕባውንድ ውስጥ ያለው ቲርዜፓታይድ ደግሞ በከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት 21 በመቶ ገደማ ክብደት እንደሚቀንሱ የሚነገረው፣ በመጀመሪያው ጥናት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ፣ በሁለተኛው ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች በሆኑበት ነው። በአማካይ ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ይቀንሳሉ። ስለዚህ አንድ ወንድ የባለቤቱን ወይም የእህቱን ያህል አልቀነስኩም ብሎ መጠኑን በራሱ ፈቃድ ቢጨምር፣ የሚያገኘው ማስታወክና የሰውነት ፈሳሽ ማጣት ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀች። ሴማግሉታይድ ከ0.25 ሚሊ ግራም፣ ቲርዜፓታይድ ከ2.5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየደረጃው ከአራት ሳምንት ያላነሰ እየቆየ ከፍ የሚለው ሆድ እንዲለምደው ነው።

ቁጥር 3 አጭርና ሻካራ ነበር። ወንድ ልጅ አፉን መቆጣጠር ካቃተው ችግሩ የመድኃኒት ሳይሆን የወኔ ማጣት ነው፤ አባቶቻችን በእግራቸው ሄደው፣ ጾመው፣ ቀጥ ብለው ኖረዋል የሚል ነው። ቁጥር 4 በቁጣ መለሰለት፤ ከቃላቱ አንዳንዶቹን አዘጋጆቹ ሰርዘዋቸዋል፤ እኔም አልደግማቸውም። ሁለቱን የገላገለው ቁጥር 5 ነው። ይህ ሰው በአዲስ አበባ የሥነ ሕይወት መምህር እንደነበረ ገልጾ፣ ምግብ ስንበላ አንጀታችን ራሱ የሚያመነጨው ጂኤልፒ አንድ የሚባል ሆርሞን እንዳለ፣ ሆርሞኑ በተፈጥሮው በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚፈርስና መድኃኒቱ ግን ሳይፈርስ ለቀናት እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ አምሳያው እንደሆነ አብራራ። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ አንጎልንም ጠግበሃል ይለዋል። መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው እንዳገኙት በጥናት መታየቱን ጠቅሶ፣ ይህ የወኔ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በመርፌው ወቅት የተገነባው ልማድ ይበቃ ነበር ሲል ደመደመ። እኔም መርፌውን ሳይቋረጥ እንደሚወሰድ የደም ግፊት ኪኒን የማየው ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

ቁጥር 6 ለተሳቢው እጀታ መልስ ያገኘሁበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው በአትላንታ የአካል ማገገሚያ ባለሙያ ነው። ከሚጠፋው ክብደት ውስጥ እንደየጥናቱ ከሩብ እስከ ሁለት አምስተኛ የሚሆነው ጡንቻን ጨምሮ ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ገለጸልኝ። በዚህ ስሌት ከ23 ኪሎዬ ውስጥ ስድስትም ዘጠኝም ኪሎ ከዚያ ወገን ሄዶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በቀን የምበላውን ዘርዝሬ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጠዋት ቡና፣ ቀን ምንም፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንዴም አንድ እንቁላል ብዬ ጻፍኩለት። እሱም ደምሮ 40 ግራም ፕሮቲን እንኳን እንደማይሞላ አሳየኝ፤ ለእኔ ቁመናና ሥራ ግን ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1.2 ግራም፣ ማለትም ወደ 118 ግራም ገደማ እንደሚያስፈልገኝ፣ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይህን ቁጥር ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይከተል አስጠነቀቀኝ። ረሃብ ስለማይሰማን ምግብን እንደ መድኃኒት በሰዓቱ መብላት እንዳለብን፣ ከሁሉም በፊት ፕሮቲኑን ማስቀደም እንደሚገባና በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት ግዴታ እንደሆነ ጻፈ። መራመድ ለልብ መልካም ቢሆንም ክንድን እንደማይመልስ ያከለው ነገር ቀጥታ ለእኔ የተነገረ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ ጾም አመራ። ቁጥር 7 በሂውስተን የምትኖር እህት ስትሆን፣ ባለቤቷ መርፌውን እየወሰደ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳይቀምስ እንደሚጾም፣ በሦስተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ሳለ ራሱን ስቶ እንደወደቀና ሆስፒታል ሲደርስ ኩላሊቱ በፈሳሽ እጥረት መጎዳቱ እንደተነገራቸው ተረከች። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በሌሉበት ፕሮቲኑ ከምስር፣ ከሽንብራ፣ ከአተርና ከባቄላ መምጣት ስላለበትና አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው 18 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ መርፌው ሦስት ጉርሻ ብቻ የሚያስበላው ሰው ከየት ያመጣዋል ስትል ጠየቀች። ቁጥር 8 ከጅዳ የጻፈ ወንድም ነው፤ በረመዳንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ፣ በተለይ ከመርፌው ጋር ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ስለሚችል የመድኃኒቶቹን መጠን ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል እንዳለበት አስታወሰ። የታመመ ሰው መጾም አለበት ወይስ የለበትም የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር፤ ያንን ለየንስሐ አባቱና ለየሃይማኖት አስተማሪው መተው ይሻላል ብዬ አልፌዋለሁ።

ቁጥር 9 በላስ ቬጋስ የሚኖር የታክሲ ሾፌር ነው። የዌጎቪ ዝርዝር ዋጋ በዚያን ጊዜ በወር 1,349 ዶላር እንደነበረ አይቶ፣ ሐኪም ሳያየው በኢንተርኔት ከአንድ ሻጭ በትንሽ ጠርሙስ የተቀመመ ሴማግሉታይድ ገዛ። በጠርሙሱ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ነበረበት፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው 0.25 ሚሊ ግራም በኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ እስከ 5 ቁጥር (5 ዩኒት) ድረስ ብቻ መቅዳት ነበረበት። እሱ ግን በስሪንጁ ላይ የተጻፈውን 50 ቁጥር አይቶ እስከዚያ ሞላው። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ሌሊቱን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሲያስመልስ አድሮ፣ በማግስቱ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲወሰድ፣ ሐኪሙ ምን እንደወሰደ ሲጠይቀው ጥሬ ሥጋ በልቼ ነው ብሎ መለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ የሥጋ መመረዝ ሲፈለግበት ቆየ። ባለቤቱ ጠርሙሱን ከመኪናው ኪስ አግኝታ ባታመጣው ኖሮ እውነቱን እንደማይናገር በግልጽ ጽፏል። ይህን ለመጻፍ ትልቅ ድፍረት ስለሚጠይቅ ከልብ አመሰግነዋለሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በሐምሌ 2024 እንዲህ ባለው የስሪንጅ መስመር ስሕተት ሰዎች ከ5 እስከ 20 እጥፍ መውሰዳቸውን ገልጾ አስጠንቅቋል።

ቁጥር 10 በአዲስ አበባ የሚሠሩ ፋርማሲስት ናቸው። ዳያስፖራው ለዘመድ በሻንጣ ስለሚልከው መርፌ በሥጋት ጻፉ። መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ቀዝቅዞ በረዶ ከሆነ ይጣላል፤ ዜፕባውንድ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት የሚቆየው ለ21 ቀን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን አንሥተው፣ ከማይታወቅ እጅ የመጣ መርፌ ውስጡ ምን እንደሆነ ማወቅ እንደማይቻል ተናገሩ። ከሁሉ ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው፤ ቦርጭ የምቾት ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር ወንድ ሲከሳ ምን ነካህ፣ ታመሃል ወይ ስለሚባል፣ መርፌ የሚወስደው ሰው ለፋርማሲስት እንኳን አይናገርም።

ቁጥር 11 በዚህ ላይ ተቆጣ። የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒቱን ባጡበት ዘመን ለቦርጭ መውሰድ ነውር ነው አለኝ። ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጥረቱ እውነት ነበር። በአሜሪካ የቲርዜፓታይድ እጥረት ማብቃቱ በጥቅምት 2024 (በታኅሣሥም ጸንቷል)፣ የሴማግሉታይዱ ደግሞ በየካቲት 2025 ነው የታወጀው። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን መድኃኒቶች በመስከረም 2025 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያስገባም የታሰበው የልብና የደም ሥር ወይም ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመምና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ተጨምሮባቸው ለሚኖሩ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች ነው። ሆኖም በእንቅልፉ 34 ጊዜ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ በቀን ደግሞ 36 ቶን ይዞ በአውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው መታከሙ ቅንጦት አይደለም ብዬ መልሼለታለሁ፤ አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው።

ቁጥር 12 የአንድ ባልዋን የምትወድ ሴት ጽሑፍ ነው። ባልዋ በአራት ወር ውስጥ ከሳ፤ ከማዕድ ሸሸ፤ ከእርሷም ራቀ። ክፉ በሽታ ይዞት ይሆናል ብላ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ ከርማ፣ አንድ ቀን ከማቀዝቀዣው የታችኛው መሳቢያ ከጎመኑ ሥር መርፌዎቹን አገኘች። ጥያቄዋ ግልጽ ነበር፤ መድኃኒቱ የወንድነት ኃይልን ይጎዳል ወይ?

የመለሱላት ቁጥር 13 በስቶክሆልም የሚሠሩ ሐኪም ናቸው። በወፍራም ወንድ ሰውነት ውስጥ ስቡ ራሱ ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ስለሚለውጥ የወንድ ሆርሞን ዝቅ እንደሚል፣ ክብደት ሲቀንስም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ እንደሚል አስረዱ። ነገር ግን ምግብ በጣም ያነሰው፣ የደከመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ፍላጎቱ ለጊዜው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ከዚህም የከፋ ሲሉ የጠቀሱት፣ ድካሙን ለማከም በራሱ ፈቃድ ቴስቶስትሮን የሚጨምረውን ወንድ ነው፤ ከውጪ የሚሰጥ ቴስቶስትሮን የወንድ ዘር መመረትን ስለሚያግድ ልጅ ለሚፈልግ ሰው ጉዳቱ ከባድ ነው። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የማይለቅ የሆድ ሕመም የቆሽት መቆጣት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ድንገት የዓይን ብርሃን መቀነስም እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆን በአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች በ2025 ለሴማግሉታይድ የተመዘገበ ጉዳት ስለሆነ፣ በሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል አሉ። በመጨረሻም ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም ማብራሪያ ጨመሩ። በማሸጊያው ላይ ያለው የታይሮይድ ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው ሜዱላሪ የተባለውን ያልተለመደ ካንሰርና በዘር የሚወረስ ተዛማጅ ሕመምን ነው፤ በአዮዲን እጥረት በደጋው አገራችን እናቶቻችን አንገት ላይ የምናውቀው እንቅርት ከዚያ የተለየ ነው። ቢሆንም ለሐኪም መንገር አይቀርም።

ቁጥር 14 ጨጓራው ለዓመታት ሲያሠቃየው የኖረ የዴንቨር ነዋሪ ነው። ጨጓራው በካሜራ እንዲታይ ቀጠሮ ተሰጥቶት፣ ከማታ ጀምሮ 14 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ሄደ፤ መርፌ እንደሚወስድ ግን ለማደንዘዣ ሐኪሙ አልተናገረም። ካሜራው ሲገባ የማታው እራት እንዳለ ተገኘ፤ ምርመራው ተቋረጠ። ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሊሞት ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮታል። ዛሬ የሚመከረው ከማደንዘዣ በፊት መድኃኒቱን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የማቅለሽለሽ ምልክት ላለበትም ለአንድ ቀን ፈሳሽ ብቻ መውሰድ ወይም ቀጠሮውን ማዘግየት ነው።

የመጨረሻው ቁጥር 15 እንደ እኔው የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ጥያቄው ከሁሉም ይልቅ እኔን ጎዳኝ። ዜፕባውንድ በታኅሣሥ 2024 ለእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ መፈቀዱን ያውቃል፤ ነገር ግን ከቀነስኩ በኋላ ምርመራውን ደግሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልደገምኩም ነበር። ማንኮራፋቴ ስለቀረ፣ ተኝቼ ሳለ ትንፋሼ እንዳይቋረጥ የምጠቀምበትን ጭምብልና የአየር መንፊያ መሣሪያ ከሦስት ወር በፊት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ይህን ስጽፍለት ቃላት ሳይመርጥ ገሠጸኝ፤ ማንኮራፋት መቅረቱ ትንፋሽ አለመቋረጡን እንደማያረጋግጥ፣ ለሥራ ፈቃዳችን የሚሰጠው የሕክምና ካርድም ቢበዛ ለሁለት ዓመት እንደሚያገለግልና ያንን ካርድ በእውነት መያዝ እንዳለብኝ፣ በጎዳናው ላይ ሕፃናት ይዘው የሚሄዱ ሰዎች እንዳሉ ጻፈልኝ። ለአንድ ቀን ተቀይሜው ነበር። በማግስቱ ግን ቀጠሮ ያዝኩ።

ውጤቱ ትናንት ደረሰኝ። ከ34 ወደ 11 ወርዷል፤ ለጤነኛ ሰው የሚባለው ግን ከ5 በታች ነው። መሣሪያውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አልጋዬ አጠገብ መልሼ ተክዬዋለሁ፤ ውጤቱንም ለቁጥር 15 እና ለዚያ የሥራ ባልደረባዬ ልኬላቸዋለሁ።